የዓይን ክሊኒኩ ጉጉት

ሠዓሊው ወዳጄ፣

«ጥሩ ማስታወቂያ ማለት ማንበብ ለማይችል ሰው የሚገባ ነው» ትለኝ ነበር። ዛሬ በደንብ የገባው ሰው አገኘሁልህ።

እህቴን ያመጣሁበት የዓይን ክሊኒክ ከመግቢያው በላይ በር የሚያህል ጉጉት አስሎ ሰቅሏል። በጨለማም ያያል ለማለት ነው። እትዬ የእኔን ፊት እንኳ በቅጡ አትለይም፤ እሱን ግን አየችው። ደረጃው ላይ ቆማ «ሞት ጠሪ የሰቀለ ቤት አልገባም» አለች።

አስተማሪነቴ አይለቀኝምና፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣ ጉጉት በመጻሕፍት የጥበብ ምልክት መሆኑን አስረዳኋት።

«ጎበዝ» አለችኝ። «እማዬ ልትሞት ሰሞን ጣራችን ላይ ሲጮህ የሰነበተው ታዲያ ጥበብ ነበር?»

ያን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ስለ ወፎች ተምሳሌት ሳስተምር ግን አንድ ቀን አላነሳሁትም። እዚያው ደረጃው ላይ እንደ ቆምን ተራችን አለፈ።

የሳለው ሰው እጁ አይባረክ። ላባውን አንድ በአንድ ሲለቅም ውሎ፣ አንዲት አሮጊት ጠርቶ «ይህ ምን ይመስልሻል?» ማለት አቃተው።

ወደዚህ የላከን ሐኪም ግራ ዓይኗ ካልታከመ ሳምንት አይቆይም ብሏል። ከብዙ ልመና በኋላ ነገ ፊቷን በሻሽ ሸፍኜ ላስገባት ተስማምታለች። ለማየት መጥታ ዓይኗን ታስራ ትገባለች።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን፣ ልጆቹን፣ በተለይ እናትህን ሰላም በልልኝ። የካርዱን ርግብ እንደ መልካም ምልክት አትቁጠርብኝ፤ ሱቁ ሌላ ካርድ አልነበረውም።