ሮማዊው ሕፃን የእኔ ነው

ለተከበሩ ዶክተር ኢልዴፎንሶ አራንዝ
የቫልዴሮብሌ ከተማ ሙዚየም ዳይሬክተርና የቁፋሮው የበላይ ኃላፊ
ቫልዴሮብሌ፣ እስፔን

እጅግ የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎም ለይቼ ጉልበቶችዎን እጠይቃለሁ። በጋውን ሙሉ በከተማችን መሬት ላይ ተንበርክከው ሲቆፍሩ አጥሩን ተደግፌ አይቼዎታለሁና፤ በዚህ ዘመን ለጸሎት እንኳ እንዲህ የሚንበረከክ ሰው ስለጠፋ ከልቤ አዝኜልዎታለሁ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ዓይኔ ግን ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ለቀደሙት ደብዳቤዎቼ የሰጡኝ መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የአሁኑን እርስዎ ከማንበብ እንዲያርፉ፣ ሕዝቡ ያንብብልዎ ብዬ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። በሙዚየምዎ መካከለኛ ክፍል፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከጣሪያ ሸክላ ሥር የተኛው «ሮማዊ ሕፃን» ልጄ ነው። ከባሌ ከሳቱሪዮ የወለድኩት ነው፤ ከእሱ በፊትም ሆነ ከእሱ በኋላ ሌላ አልወለድኩም። እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ግን፣ እርስዎ ሥርዓት የሚወዱ ምሁር ስለሆኑ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እኛ ያንን የፈረሰ የድንጋይ ቤት፣ ድሮ አገራችንን ገዝተው በሄዱት ሰዎች ስም «የሙሮች ቤት» እንለው ነበር፤ በዚህ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ድንጋይ ሁሉ የሙሮች ነው። እርስዎ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሰብስበውን፣ ሙሮች ሳይሆኑ ሮማውያን የሠሩት የእህል ጎተራ መሆኑን በሥዕል አስረዱን፤ አለማወቃችን ሲያስቅዎ እኛም አብረንዎ ሳቅን።

፪ኛ/ እኔም በበኩሌ ሙያዎን የሚጠቅም አንድ ነገር ላስረዳ። ልጄ ሳይተነፍስ ነው የተወለደው። ያልተጠመቀ ነውና፣ የዚያን ጊዜው ቄሳችን ዶን ክሪስፑሎ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ እሾሁ መሃል፣ ውሾች ከሚጭሩት ቦታ እንዲቀበር አዘዙ። ሳቱሪዮ ግን በነሐሴ ቀትር፣ ከተማው በሙሉ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ልጁን በሠርጉ ሸሚዝ ጠቅልሎ በዳቦ ቅርጫት አስተኛው፤ ላዩን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ለአጫጆች ምሳ እንደሚያደርስ ሰው ወደ ሙሮች ቤት ወጣ። እኔ ከአልጋ መነሳት ስላልቻልኩ በመስኮት ነው የሸኘሁት። ሁለቱ ትላልቅ ድንጋዮች በሚገናኙበት በምሥራቁ ማዕዘን ሥር ቀበረው፤ አፈሩ እንዳይከብደው ደግሞ እዚያው ወድቆ ካገኘው የጣሪያ ሸክላ አንዱን ደፋበት። ሮማውያንም ሕፃናታቸውን በግድግዳ ሥር፣ በጣሪያ ሸክላ ከድነው ይቀብሩ እንደነበር ከእርስዎ ጽሑፍ ተማርኩ። ሳቱሪዮ ይህን አያውቅም ነበር። አባት ስለሆነ ብቻ ነው ያደረገው፤ እነሱም ያደረጉት ለዚሁ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ፣ ጦስኝ ልንለቅም ነው እያልን፣ በየዓመቱ አብረን እንወጣ ነበር። ጎረቤታችን ኡርሱላ ከደጇ ቆማ፣ «አንተ ሳቱሪዮ፣ ሙሮቹ የቀበሩትን ወርቅ ያገኘኸው እንደሆነ ብቻህን እንዳትበላው!» እያለች ታሾፍበታለች። እሱም «አግኝቼው መልሼ ቀበርኩት» ይላታል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ቤቴ ገብቼ በሩን እስክዘጋ ድረስ አብሬ እስቅ ነበር።

፫ኛ/ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ሳቱሪዮ «ልጁን ከእኔ ጋር አድርጊው» ብሎኝ ነው የሞተው። የአሁኑ ቄሳችን አባ ኦቪዲዮ ነገሩን ስነግራቸው እጄን ይዘው አለቀሱና፣ «አምጪው፣ ፍትሐቱን እኔው ራሴ አደርስለታለሁ» አሉኝ። በረዶው ቀልጦ መሬቱ እስኪላላ ስጠብቅ የእርስዎ አጥር ቀደመኝ። መጥቼ «ዶክተር፣ ያንን ማዕዘን ተዉልኝ፣ ሰው አለበት» ብልዎ፣ «እማማ፣ እኛም የምንፈልገው እሱን እኮ ነው!» ብለው ሳቁ፤ ወደ ተማሪዎችዎም ዞረው «ሰማችሁ፣ እማማ ሰው አለ ብለዋል፣ በርቱ!» አሏቸው። ልጄ ነው ልልዎ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ ይዤው የኖርኩት ቃል በአጥር ቀዳዳ አልወጣም አለኝ። ብዙም ሳይቆይ አገኙት። በአደባባዩ ላይ ወይን ተቀዳ፤ ለእኔም አንድ ብርጭቆ ደረሰኝ።

፬ኛ/ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ቃሉ በመጨረሻ በጽሑፍ ሲወጣልኝ፣ «የሸክላው ዓይነትና የአቀባበሩ ሥርዓት ሮማዊ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ የአረጋውያን ትዝታ በሳይንስ ዘንድ ማስረጃ አይሆንም» የሚል መልስ ላኩልኝ። ምራቄን ውሰዱ፣ ደሜን ውሰዱ፣ ከአጥንቱ ጋር አስተያዩት ብዬ ብለምን፣ ምርመራው ከአጥንቱ ቆርሶ መውሰድን ስለሚጠይቅ ቅርሱ ይጎዳል፣ የሚኒስቴር ፈቃድም ያስፈልገዋል አሉኝ። ለልጄ ገላ እንዲህ የሚሳሳ ሰው በመገኘቱ ተጽናንቻለሁ። እኛ ሮማውያንን ሙሮች ብለን ተሳሳትን፤ እርስዎ የሳቱሪዮን ልጅ ሮማዊ ብለው ተሳሳቱ። የእኛን ስህተት የሚያርም ምሁር ግን ከዋና ከተማ መጥቶልናል።

፭ኛ/ ከሳጥኑ ሥር በለጠፉት መግለጫ ላይ «ሮማውያን ለዚህ ዕድሜ ሕፃን ሐዘን አይቀመጡም ነበር» ይላል። ቆሜ አነበብኩት። ሳነብ ማልቀሴ አልቀረምና አስጎብኚዋ ልጅ ደንግጣ፣ «ውይ እማማ፣ አያልቅሱ እንጂ! ሁለት ሺህ ዓመት እኮ አልፎታል!» አለችኝ። እባክዎ አይቆጧት፤ መሐረቧን ሰጥታኛለች። ጥበቃው ደግሞ መስታወቱን እንዳልደገፍ በጨዋነት ነገረኝ።

፮ኛ/ በመጨረሻም ስለ ስሙ። ዶን ክሪስፑሎን ስም እንዲያወጡለት ለምኛቸው፣ «ያልተጠመቀ ስም የለውም፣ ካሲልዳ» ብለው የከለከሉትን፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች እጅ በማውጣት «ሉሲዮ» ብለው ሰይመውታል፤ በሙዚየሙ በር በሚሸጡት ቦርሳዎች ላይም ታትሞ አይቻለሁ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ እግዚአብሔር ያሳድጋቸው። ነገር ግን እኔና ሳቱሪዮ በራችንን ዘግተን የምንጠራው ስም አለው። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው ነገ መግለጫው ላይ ትለጥፉታላችሁ።

የተከበሩ ዶክተር፣ ሕንፃው ይቆይላችሁ። ግድግዳውም፣ ጎተራውም፣ ዝናውም የእናንተ ነው። ሸክላውንም አልጠይቅም፤ ሳቱሪዮ ከሮማውያን የተዋሰው ነው። ሳጥኑ ባዶ መቅረቱ የሚያሳስብዎ ከሆነም ስሞት እኔን ማስገባት ይችላሉ፤ ያረጀሁ ነኝና ጎብኚ አይጠረጥርም። ልጁን ግን ከአባቱ ጋር ላድርገው። እኔ ነገ ዛሬ ሟች ነኝ። እኔ ከሞትኩ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ የዚያ ልጅ እናት ነኝ የሚል አይኖርም፤ ያን ጊዜ እርስዎ ትክክል ይሆናሉ። ከዚያ በፊት ይስጡኝ። ልቤ ተሰብሯል ዶክተር፤ ይህንን ለመጻፍ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ለሳይንስ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለሚኒስቴሩና አፈሩን ለሚጠርጉበት ብሩሽዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥራዎ ይቃናልዎ ዘንድ፣ የራስዎም ልጆች በስማቸው እየተጠሩ በደጅዎ ይሯሯጡልዎ ዘንድ የምመኝ፣

በመዝገብዎ «እናቱ ያልታወቀች» ተብዬ የተጻፍኩት፣
ካሲልዳ ቤርሶሳ
የሳቱሪዮ ሚስት

ማስታወሻ፦ ውሳኔዎ እስኪደርሰኝ ድረስ በአንዲት ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ። ከሳጥኑ በላይ የሰቀሉት መብራት ሙዚየሙ ከተዘጋም በኋላ እንደበራ መሆኑን በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት አይቻለሁ፤ የሚያበራውም ልክ ዓይኑ ላይ ነው። ሮማዊ ሆነም አልሆነ ሕፃን ነውና፣ የሚኒስቴር ፈቃድ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ማታ ማታ አጥፉለት።