ከመቀመጫው ሥር ያለው ቱቦ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት አደራችሁ? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ከምሬ ነው። ባለቤትህስ እንቅልፍ ወሰዳት? አልጋው ጠባብ ነው ብላ እንዳላማረረች ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ቀኝ እጁ እንደምታውቀው አልታዘዝ እንዳለው ነው፣ ምላሱ ግን አንድም ቀን አልታመመም።

የላክኸው ካርቶን አባባ የሚኖርባት ጀልባ ላይ የደረሰ ቀን እሱን ብታየው! ለአንተ ብዬ ነው የገዛሁት፣ እጅህ የሽንት ቤቱን ፓምፕ መግፋት ስላቃተው ነው ብለህ በስልክ ስትነግረው አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ወደቡ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ልጄ የኤሌክትሪክ ሽንት ቤት ላከልኝ ሲል ዋለ። ዓሣ አጥማጆቹ በቃ ጌታ ሆንክ፣ ከእንግዲህ ቁልፍ ተጭነህ መነሳት ነው እያሉ ቀለዱበት፤ እሱም ሳቀ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ ደግሞ እውነቱን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ጀልባዋን ልትወስዳት እንደሆነ፣ ባለቤትህ በእጅ የሚገፋ ሽንት ቤት ካለ እግሬን አላስገባም እንዳለችህ፣ ለአባባ ደግሞ የአረጋውያን ማደሪያ ውስጥ አልጋ እንደያዝክለት ነግረኸኛል። ተገጥሞ እስኪያልቅ አትንገሪው፣ የጀልባዋን ሆድ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም ነው ያልከኝ። ጎበዝ! ሰውዬውን ቤቱን በገዛ እጁ አሳምሮ ሲጨርስ ልታስወጣው። እኔም አፌን ያዝኩልህ።

ገጠምነው። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ እሠራለሁ። አሮጌውን ስነቅል ብሎኖቹ ዝገው አልፈታ አሉኝ፤ ፊቴ ላይ ምን እንደፈሰሰ አልነግርህም፣ አንተ ቶሎ ያቅለሸልሽሃል። የካቻቢቴ አያያዜን፣ ሽቦ አላላጤን፣ አተነፋፈሴን ሳይቀር ተሳደበ። ወፍራሙን ሽቦ ከባትሪው ድረስ ስስብ፣ ቀጭን አድርገሽበት ቢሆን ኖሮ ግሎ እሳት ያነሳና ተኝቼ እጠበስልሽ ነበር አለኝ። ከዚያ ቱቦው ላይ ደረስን።

የአባባን የቱቦ ነገር ታስታውሳለህ? ልጆች ሆነን ስንቴ ነግሮናል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው ከባሕሩ ውሃ ገጽ በታች ነው። ስለዚህ ውሃ የሚያስገባው ቱቦ መጀመሪያ ከውሃው ገጽ በላይ ከፍ ብሎ፣ ታጥፎ መውረድ አለበት፤ እጥፋቱ አናት ላይም አየር የምታስገባ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ያ ሳይሆን ቀርቶ ከታች ያለው የባሕር ውሃ መዝጊያ ቫልቭ ክፍት ካደረ፣ ባሕሩ ቀስ ብሎ በመቀመጫው በኩል ሞልቶ ይገባል። ድምፅ የለውም። የቀዩ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ የሰጠመችው እንዲህ ነው፤ እሱ የተረፈውም በሩን ከፍቶ ስለሚተኛ ነው። አንተ ይህ ሲነገር ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ታይ ነበር።

እጥፋቱን አሳምሬ ሠራሁት። ቁልፉን ስጫን ሞተሩ አጉረመረመ፣ ውሃው ገባ፣ ወጣ፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። አባባ በግራ እጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና እጅሽ የእኔን እጅ ወጥቷል አለኝ። በዕድሜዬ ከእሱ የሰማሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው። እዚያው መቀመጫው ሥር አለቀስኩ፤ አቧራ ገባብሽ እንዴ አለኝ።

በማግስቱ የወደቡ ዘበኛ መጣ። ክፋት የለውም፣ እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ነው የመጣው። ልጅዎ ጀልባዋን ሊረከብ እንደሆነ፣ ለእርስዎም ጥሩ ክፍል እንደያዘልዎት ነግሮኛል፣ የተባረከ ልጅ ነው ያለዎት አለው። አባባ አመሰገነው። ዘበኛው ሲሄድ ወደ እኔ ዞረና አንቺም ታውቂ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ስድቡን ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ። ወደ ነጩ የሽንት ቤት መቀመጫ ዞረ።

«ቱቦውን ፍቺው» አለ። «አሳጥሪና ቀጥ አድርገሽ ግጠሚው።»

ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም። አባባ፣ ሰው ይሞታል እኮ አልኩት።

«ያስተማርኩት ሁለታችሁንም ነው» አለ። «ልጄ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል።»

ቆረጥኩት። አጭሩን ቀጥ አድርጌ ገጠምኩት። አንድ ቀን ብቻ ያመሰገነኝ ሰው ፊቱን እንዳያዞርብኝ ነው መሰለኝ። አንተም አንገብግበኸኛል፤ እሱን አልደብቅህም። አሁን ቱቦው አጭር ነው፣ ከመቀመጫው ጀርባ ብቅ አይልም፣ ባለቤትህ የምትጸየፈው የተጠማዘዘ ነገር የለም። ቫልቩ ክፍት ነው። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሁሉም ነገር እዚያው ፊት ለፊት ነው፤ የሸፈንነው ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው እናንተ ሳትደርሱ ነው። ትናንት ስንደዋወል ባለቤትህ ወደብ ሌባ አያጣም፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረን ነው የምንተኛው ስትል ሰማኋት። መልካም አልኩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ልጆቻችሁ እኔ ቤት ይደሩ ብዬ የለመንኳችሁ ግን ስለናፈቁኝ ብቻ እንዳይመስልህ።

ደብዳቤውን ለዘበኛው እሰጠዋለሁ። ሲመጡ ሳይሆን ጠዋት ሲነሱ ስጥልኝ እለዋለሁ። ስለዚህ ይህን እያነበብክ ከሆነ ጎንበስ ብለሃል ማለት ነው። እንግዲያው ልጁ ነህ። አባባ ቃል ገብቶልኛል፤ አንዲት ነገር ሳይናገር ወደ ያዝክለት አልጋ ይሄዳል። ልብሱን አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከትቼለታለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ በተለይ ዕድሜ። ልጆቹ እንደነቁ እናንተን መጠየቃቸው አይቀርም። ቁርስ ለሁላችሁም አቀርባለሁ፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጠብቃችኋለሁ።

ታናሽ እህትህ