የማዳም ቋንቋ፣ የፍራው ቋንቋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ቀኑ እንደ ወትሮው። አርመኗ ማዳም ሱቅ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም ዋልኩ። «ሹድ፣ ሹድ!» ትለኛለች... ቶሎ በይ ማለቷ ነው። ዓይኗ ደክሟልና ክሩን በመርፌው ሳሾልክላት ግን «ሆኪስ» ትላለች። ነፍሴ። ዐሥራ አራት ዓመት ከእሷ ጋር ስሰፋ አርመንኛው በጆሮዬ ገብቶ ቀረ። መልሼ ሳናግራት ደንበኞቿ ይስቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ወረድኩ። ይመኙሽ ወረፋ ይዛለች። ጎረቤቴ ናት፣ የማርያም ማኅበርም አብረን ነው የምንጠጣው። ለጀርመኑ የመንገድ መሐንዲስ ቤት ወጥ መሥራት ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ፤ አማርኛው ጠፋባት። እመቤቷን «ፍራው» ነው የምትላት። እንስራዋን ሰው ከነካባት «ናይን! ናይን!» ነው፤ አይሆንም ማለቷ። እሱስ ይሁን። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣

«ትርንጎ፣ ያቺ ማዳምሽ ስትናገር ምነው አጥንት ጉሮሮዋ ላይ እንደ ተሰነቀረባት ድመት?»

«ያንቺይቱ ፍራውስ? ሰው ታናግራለች ወይስ በቅሎ ትነዳለች?»

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ደስ አለኝ... እዚህ ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ሰሞኑን ይኸንኑ ሳመዛዝን ነው የሰነበትኩት። እውነት የትኛው ይሻላል? ጀርመንኛ ወፍጮ ነው። ቃሉን ይፈጨዋል፣ ይፈጨዋል... መጨረሻ ላይ ዘጭ። ውሃን «ቫሰር» ይሉታል። እንዲያ ተብሎ ይጠጣል? አርመንኛው «ቹር»። ከማሰሮ ሲቀዳ እንደሚሰማው። ሸጋ አይደል? ፊደላቸውስ! የማዳም የጸሎት መጽሐፍ ከሩቅ ሲያዩት የእኛን ዳዊት ይመስላል። አንድ ቅዱስ ነው የቀረጸልን ትላለች። ጀርመንስ? ያው ጣሊያን በየግንቡ ጽፎት የሄደው ፊደል።

ይኸን ሳልነግራት አላድርም አልኩ። ነገርኳት። ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ ተራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«በጣሊያን ፊደል መኩራት ደግ ነው፣ ይመኙሽ። ለነገሩ ለአባትሽም አዲስ አልነበረም።»

አባቷ በጠላት ዘመን የጣሊያን አስተርጓሚ ነበሩ። አገር ያውቀዋል። ፊት ለፊቷ ያላት ሰው ግን የለም። የሰፈረችውን በርበሬ እዚያው ጥላው ሄደች።

እውነት አይደል እንዴ? እሷ ናት የጀመረችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ማኅበር በእትዬ የዓለምወርቅ ቤት። ጽዋው ሲዞር ከእኔ ወደ እሷ ነበር የሚያልፈው። እጇን አልዘረጋችም።

«የባንዳ ልጅ ከጻድቅ እጅ ጽዋ አትቀበልም» አለች።

መምሬ ሐብተ ማርያም ተነሥተው ጽዋውን ከእጄ ወሰዱት። ዛሬ በእልልታ ተሸክሜው ቤቴ የምገባበት ቀን ነበር! የሚቀጥለው ወር የእኔ ተራ... ኅዳር ጽዮን። ልጄን ተስቦ ይዞት ሲያጣጥር፣ ከማረልኝ ኅዳር ጽዮንን በቤቴ አበላለሁ ብዬ ተስያለሁ። የዚያ ወር ዕጣ እስኪደርሰኝ ሰባት ዓመት ጠበቅሁ።

«ተቀያይሞ ጽዋ የለም» አሉ። «እስከ ኅዳር 19 ካልታረቃችሁ ተራው ለየዓለምወርቅ ያልፋል።»

«አባቴ፣ ስለቴ ነው እኮ!»

«ስለትሽን የሰማች እመቤት የይመኙሽም እናት ናት።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ጌሾ ወቀጥኩ። ለማን እንደምወቅጥ እንጃ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

እትዬ የዓለምወርቅን ላክሁባት። ተራው ቢያልፍ ለራሳቸው ነው፣ ግን ሄዱልኝ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይንፈቀፈቃሉ።

«ምን አለችዎ?»

«በጀርመንኛ ይቅርታ ትጠይቀኝ አለች። ቧንቧው ላይ። በርበሬ ተራ የሰማ ሁሉ ይስማ ብላለች።»

እኔ? በዚያ ወፍጮ? ሞቼ ነው!

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ሁለት ቀን ቀረ። ማዳም ጠርዙን አጣምሜ ስሰፋ አየችና ምን ሆነሻል አለችኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ጀርመንን እንድትረግምልኝ ነበር የፈለግሁት። መቀሷን አስቀመጠች። 

«ፈርትሳዩንግ» አለች። «ይቅርታ ማለት ነው።»

ክው አልኩ። ከየት አመጣሽው? (ማዳም አንቱታ አታውቅም፤ አንቺ ነው የምንባባለው።) ለካ በሕፃንነቷ ከአገሯ ሲያባርሯቸው እናት አባቷን አጥታ፣ በሙት ልጆች ቤት ጀርመን ሴቶች ናቸው ያሳደጓት።

«ዳቦ የሰጡኝ በዚያ ቋንቋ ነው» አለች። «የመቱኝም በዚያው።»

ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትል! ቃሉን ሠላሳ ጊዜ አስባለችኝ። ስሳሳት በማስመሪያዋ ጣቴን ትመታኛለች። እሷም ከእነሱ የተማረችው እንዲህ ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ቧንቧው ላይ የሰፈሩ ሴት አንድም አልቀረ። ይመኙሽ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ ልክ እንደ ዳኛ።

«ፈርትሳዩንግ» አልኳት። ጮክ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ።

አንገቷን ዘመም አደረገች።

«ምን አልሽ?»

ደገምኩላት።

«እንዲህ የሚባል የለም። እኔ እዚያ ቤት ስኖር...» አለችና ቆመች። «ፍራው ሽኔል፣ ቶሎ በይ፣ ትለኛለች። ናይን ትለኛለች። ቫሰር ትለኛለች። ይኸን... ብላኝ አታውቅም።»

ሰው ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ። ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ «ቋንቋሽ እኮ ነው!» ልላት። እንደዚያ የቧንቧው ቀን ሊፈርሱ ሳቃቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ፊቷን አየሁት። በርበሬ ተራም እንዲህ ነበር የሆነው፣ በርበሬውን ስትጥል... ያን ጊዜ አይቼ እንዳላየ አለፍኩት እንጂ።

ዋጥኩት።

«አባትሽን ማንሣት አልነበረብኝም። ክፉ ነው የተናገርኩሽ። ይቅር በይኝ» አልኳት፣ በአማርኛ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። እንስራዋን ስታነሣ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ድመቷን ግን አልመልስልሽም።»

«በቅሎዋንም እኔ አልመልስም!»

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ጽዋው ቤቴ ገባ። ስለቴ ደረሰ። እልል ስል ድምፄ ተዘጋ።

ይመኙሽ ከእጄ ተቀብላ ጠጣች። «ጠላሽ ቀጥኗል» አለች ወዲያው። ሦስቴ አስቀዳች።

ሰው ሲበተን በር ላይ ያዘችኝ።

«ያቺ ቃል እንዴት ነበረች?»

«ምን ልታደርጊያት?»

«ፍራው የሰበረችውን ሳህን በእኔ አሳብባ ባሏ ሲሰድበኝ ቆማ አየች። ይህችን ቃል ትበለኝ።»

አስጠናኋት። እንደ እኔ አልጠራላትም። ደስ አለኝ ደግሞ፣ ትንሽ።

«ያንቺዋስ?» አለችኝ። «ይቅርታ በአርመንኛ ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ሹድ... ቹር... ሆኪስ... ዐሥራ አራቱን ዓመት አገላብጬ ፈለግሁት፤ ማዳምም ብላኝ አታውቅም።

«ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ማስመሪያው ያረፈበት ጣቴ እስካሁን ያመኛል።