የበሬው ልብ አጥንት

ውድ ጋሼ ዋቅጋሪ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እትዬ አልጋነሽስ? እኔና ልጆቼ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ብቻም አይደለም፣ አልፌያለሁ። መጀመሪያ ይሄን ልበል፣ ሌላውን በኋላ እደርስበታለሁ። በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ከልጄ ከሂባ እኩዮች ጋር ነርሲንግ ተምሬ፣ የልብና የሳንባን ፈተና አልፌያለሁ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳይሉኝ። ደውዬ ነበር። ሐኪም የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ኔትወርኩ ይጠፋብዎታል። ሦስት ጊዜ ጠፋብዎት። ደግሞ ቄራ የሥጋ መርማሪ ሳሉ፣ ሰው በር ላይ ሲጨቃጨቅዎት "በጽሑፍ ይቅረብልኝ" ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ይኸው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

አስቀድሜ ግን ፈተናውን መጀመሪያ እንዴት እንደወደቅኩ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሆድ ዕቃ ለመረከብ ስትሰለፍ እኔ እየሾለክኩ እርስዎ የሚመረምሩበት ጠረጴዛ አጠገብ እቆማለሁ። ነጩ ጋዋንዎ፣ ረጅሙ ቦት ጫማዎ፣ ወገብዎ ላይ የተንጠለጠለው ቢላ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አንድ ቀን የበሬ ልብ ሰንጥቀው፣ ከትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ጣቴን የምታክል አጥንት አወጡ። አጠቡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ልብም አጥንት እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ። አጥንቱን በጨርቅ ቋጥሬ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ ባለፈው ወር ፈተናው ላይ "የሰው ልብ ውስጥ አጥንት ይገኛል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?" የሚል ጥያቄ መጣ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እውነት አልኩ። ቀጥሎ የቀኝ ሳንባ ስንት ክፍል እንዳለው ይጠይቃል። ልኳንዳችን ውስጥ ስንቱን ሳንባ በእነዚህ እጆቼ አጥቤ የለ እንዴ? አራት አልኩ። ሁለቱም ስህተት ሆኑ። ለማለፊያ የጎደለኝም እነዚያው ሁለት ማርኮች ነበሩ። አንድ ድጋሚ ፈተና ይሰጥሻል፣ እሱን ከወደቅሽ ትሰናበቻለሽ ተባልኩ።

በቃ፣ ደሜ ፈላ። በማግስቱ ጠዋት ከልኳንዳችን የበሬ ሳንባ ከነልቡ በፌስታል አንጠልጥዬ ካዛንቺስ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፌስታሉን አየችና ቀሚሷን ሰብስባ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። መምህራችን ሲምረት ትባላለች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ዘረገፍኩት። ሔኖክ የሚባል ቀልደኛ ልጅ አለን፣ ከኋላ ሆኖ "እትዬ፣ ዳጣው ቀረ" አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልቡን ከቤት በያዝኩት ቢላ ሰንጥቄ አጥንቱን አውጥቼ ከነቢላው ሰጠኋት። ሲምረት ጓንት አጥልቃ ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ከዚያ ድምጿን እንኳን ሳታነሳ፣

"ልክ ነዎት፣ እትዬ ኩልሱም" አለችኝ። "ለበሬ ልክ ነዎት። እኔ የጠየቅኩት ግን ስለ ሰው ነው።"

ማርክ አልጨመረችልኝም። ቢላውን ግን መልሳ ሰጠችኝና ለተማሪው እንዳስረዳ አደረገችኝ። የልቡን ግድግዳ እያስነካኋቸው፣ የቀኙ ስስ ነው፣ ሥራው ጎረቤቱ ሳንባ ድረስ ብቻ ነው፣ ደሙን አየር እንዲያገኝ ገፋ አድርጎ ይልከዋል አልኳቸው። የግራው ወፍራም ነው፣ እሱ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያዳርሰው ነው። ደም ቅዳው ይወስዳል፣ ደም መልሱ ይመልሳል። የአየር ቧንቧው ውስጥ የጎማ ቱቦ አስገብቼ በፓምፕ ስነፋው ሳንባው ተነሥቶ ጠረጴዛውን ሞላው። ያኔ ሔኖክም ቀልዱን ትቶ ቀረብ አለ።

ድጋሚ ፈተናው ባለፈው ማክሰኞ ነበር፣ በቃል። የሰው ልብ አጥንት የለውም፣ የቀኝ ሳንባው ሦስት ክፍል ነው፣ የግራው ሁለት፤ አንድ በአንድ አንበለበልኩት። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲምረት የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ነገረችኝ። በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ አባት ናቸው። ሦስት ትራስ ካልደረቡ መተኛት አይችሉም። እግራቸው ያብጣል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ምን ሆነው ነው?

ቀለል አድርጌ ጀመርኩ። የግራው ልብ ሲደክም ከሳንባ የሚመጣውን ደም ገፍቶ መጨረስ ያቅተዋል። ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፣ ሰውየው ሲጋደም ይብስበታል። እያደር ደግሞ እግር ላይ…

እግር የሚለው ላይ ቆምኩ። ሲምረት የጠፋብኝ መስሏት ጠበቀችኝ። አልጠፋብኝም። ከሁለት ቀን በፊት እትዬ አልጋነሽ በስልክ እየሳቁብዎት ነበር። የካዛንቺሱ ቤታችሁ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባችሁ ወዲህ፣ ደረጃው ላይ ሁለት ቦታ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ያስመስላል አሉኝ። ጫማው እምቢ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው የሚውለው፣ የቤቱን ትራስ ሁሉ ሰብስቦ ተደግፎ ነው የሚያድረው አሉኝ። እሳቸው ዕድሜ ነው ይላሉ። እርስዎ ብርድ ነው ይላሉ።

መልሴን ጨርሼ አለፍኩ። በደስታዬ ሰዓት ግን የኮሌጁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት እርስዎን ነው።

ብርድ አይደለም፣ ጋሼ። እርስዎም ያውቁታል። ማለቴ፣ እጄን ይዘው ሁለት ሳንባ ያስነኩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? አንዱ ቀላል ነበር፣ ባልዲ ውስጥ ሲጥሉት ተንሳፈፈ። ሌላው ከብዶ ሰመጠ፣ ሲሰነጥቁት አረፋ አወጣ። "ውሃ ቋጥሯል፣ ይወገድ" አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሳንባ ሲያጋጥምዎ የሚያውቁት ውሳኔ ያ ብቻ ነው። እርስዎ ሐኪም ቤት የማይሄዱት ንቀው አይደለም። ምን እንደሚባል አስቀድመው ስለወሰኑ ነው።

ልክ ነዎት፣ ጋሼ ዋቅጋሪ። ለበሬ ልክ ነዎት።

ሰው ግን አይወገድም። ይታከማል። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፣ ልብን የሚያግዝ አለ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ጨው የሚባለው ነገር ይቀነሳል። የትኛው ለእርስዎ እንደሚሆን የሚያውቀው መርምሮ የሚያይዎት ሐኪም ነው፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ሲምረትን ግን ጠይቄያታለሁ፣ "አይቆዩ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይታዩ" ነው ያለችኝ። እኔም እርስዎም የወደቅነው በአንድ ዓይነት ስህተት ነው፣ የበሬውን ለሰው መልሰን። እኔ ድጋሚውን ተፈትኜ አለፍኩ። የእርስዎ ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ቀጠሮ አስይዣለሁ። ኡራኤል ታክሲ መውረጃው ጋ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ሐኪም ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሊፍት አለው፣ ሄጄ አይቻለሁ። የትንፋሽ ማጠሩ ከባሰብዎ ሐሙስንም አይጠብቁ፣ በየትኛውም ሰዓት ያስደውሉልኝ፣ እመጣለሁ። ደብዳቤውን የምታመጣው ሂባ ናት፤ እትዬ አልጋነሽ ጮክ ብለው አንብበው እስኪጨርሱ ቁጭ ትላለች። እሷ ፊት ኔትወርክ አይጠፋም።

በጨርቅ የተቋጠረውን አጥንትም ልኬልዎታለሁ። ስጦታ እንዳይመስልዎ። የእኔ ነው፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሐሙስ በእጅዎ ይዘውልኝ ይምጡ።

ልጅዎ ኩልሱም፣
በድጋሚ ፈተና ያለፈችው