በአንድ ምሳ ስለከበረው ወረዳችንና ስለሚቋረጥብን የክሊኒክ አውቶቡስ

ለተከበሩ የወረዳችን የስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም ለጉልበትዎ ብርታትን እመኛለሁ፤ ጉልበትን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አለመሆኑን ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል።

እኔ ከባለቤቴ ጋር በሁለት ክፍል ቤት የምኖር ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በማጉያ መነጽር አጎንብሼ ያላገኘሁትን ሀብት መሥሪያ ቤትዎ በአንድ ቀን ስለሰጠኝ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ይህንን ብልጽግናዬን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የወረዳችን መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ከድጎማው መስመር በላይ ስላለፈ፣ ማክሰኞና ዓርብ አረጋውያንን በነጻ ወደ ክሊኒክ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ከመጪው ወር ጀምሮ ይቆማል ይላል። ባለቤቴ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በዚያ አውቶቡስ ነው ለሕክምና የምትመላለሰው፤ ሐኪሙም አሁን ካቋረጠች ጉልበቷ እንደደረቀ ይቀራል ብሏታል።

መስኮት ሦስት ያሉት ሠራተኛዎ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ አሠራሩን በትዕግሥት አስረድተውኛል፦ ቤቶችን ከድሃው እስከ ሀብታሙ በገቢያቸው ታሰልፋላችሁ፣ ልክ መሃል የቆመውን ትወስዳላችሁ። ደስ የሚል አሠራር ነው። የሚከተሉት ጥቃቅን ቅሬታዎቼ ደስታዬን እንደማይቀንሱት ይወቁልኝ።

አንደኛ፣ ለመላው ወረዳ የተጠየቁት ሰባት ቤቶች ብቻ፣ ሰባቱም ከእኛው መንገድ ግራና ቀኝ መሆናቸውን ሳውቅ ለጫማ ያላችሁን ቁጠባ አደነቅሁ። የጎደለውን ከጎረቤት ወረዳዎች መረጃ ተበድራችሁ ሞላችሁት አሉ። እኛ ከጎረቤት የምንበደረው ጨው ነበር፤ ሀብትም መበደር እንደሚቻል የተማርኩት ዘንድሮ ነው። የተበደራችሁልን ግን እስካሁን እጃችን አልገባም።

ሁለተኛ፣ ግምቱ መስመሩን ያለፈው በአንድ ጣት ሲሆን፣ «ሊሳሳት ይችላል» ተብሎ የተጻፈለት ወሰን ግን አንድ ክንድ ነው። አንድ ክንድ የሚሳሳት ሰዓት ጠግኜ ባስረክብ ኖሮ ደንበኞቼ ሰዓቱን በራሴ ላይ ይሰብሩት ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው የድስቱ ጉዳይ ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ ቤታችን የመጣችው እሁድ በምሳ ሰዓት ነው። እሁድ ደግሞ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጄ ከሾፌር ባሏ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጄም ከአስተማሪ ሚስቱ ጋር፣ የልጅ ልጆቼን አስከትለው ይመጣሉ። በደንባችሁ ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነውና፣ መረጃ ሰብሳቢዋ «አባባ፣ ከዚህ ድስት የሚበላው ማን ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ የትኛው አባት አይነፋም? «ሁሉም! ከእኔ ድስት የማይበላ ልጅ የለኝም!» አልኳት። ባለቤቴ ከማድቤት «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ሰብስብ!» ብትልም ረፍዷል፤ አራት ደመወዝ በጡረታዬ ላይ ተደምሮ ተጽፏል። ከሰባቱ ቤቶች አራተኛ፣ ልክ መሃል ላይ የነበርኩት ሰውዬ ዘልዬ ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ከእኔ የተሻለ ገቢ ያለው ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ መሃል ገባ፤ ወረዳውም በአንድ ምሳ ከበረ። ሲመሽ ልጆቼ ደመወዛቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ለእኛ የቀረው የሚታጠብ ሳህን ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «በል ሀብታሙ፣ መኪናህን አስነሳና ውሰደኝ» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም እስቃለሁ። ግድግዳ ይዛ ስትነሳ ግን ሳቁ ከአፌ ይጠፋል። ባለፈው ማክሰኞ የሚመጣውን ለመልመድ ብላ ወደ ክሊኒኩ የሚያወጣውን ዳገት በእግሯ ሞክራው ዘጠኝ ቦታ ላይ አረፈች። ቆጥሬያለሁ፤ ግምት አይደለም።

ስለዚህ ረቡዕ ቀን መጥታችሁ ትንሿን ድስታችንን እንድታዩ፣ እኔንም ወደ ሰልፉ መሃል፣ አውቶቡሱንም ወደ መንገዱ እንድትመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የጥፋቱ ግማሽ የአፌ መሆኑን አልክድም፤ ለእሱ ባለቤቴ በቂ ቅጣት ሰጥታኛለች። የቀረውን ግማሽ ለእርስዎ ትቻለሁ።

እሁድ ከብሮ ሰኞ የደኸየው፣
ውለታዎን በየዳገቱ ዕረፍት የሚያስታውሰው፣
አክባሪዎ ሰዓት ሠሪው አያት

ማስታወሻ፦ መረጃ ሰብሳቢዋ ያን እሁድ ከዚያው ድስት ሁለት ሳህን ወጥ በልታለች። በደንባችሁ መሠረት ልጄ ናትና ደመወዟ ለምን እንዳልተደመረ አልጠይቅም፤ እንደ አባትነቴ ግን አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስ ማክሰኞ ማክሰኞ እናቷን ደግፋ ዳገቱን እንድታወጣ አዝዣለሁ። እርስዎም ለቆጠራ ሲመጡ ሳይበሉ አንሸኝዎትም፤ ዓርብ ገና ተረኛ አልተገኘለትም።