ስለ በርዎ አንበሳና ስለ በቅሎዎ ሞት

ይድረስ ከክቡር ባላምባራስ ገሠሠ፣ የአዳማ ገበያ ዳኛ፣ የድኻ አባት፣ የጎረቤት ጠባቂ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቁርጥማትዎስ በዚህ አቧራና ነፋስ እንዴት አድርጎዎታል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አሽከሮችዎ፣ ከከብቶችዎም በሕይወት የቀሩት ሁሉ ደኅና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነትና በእርስዎ ዝንጋታ እስከ ዛሬ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በእጅዎ ማድረስ ሲገባኝ አንዱን ቅጂ በለገሐሩ ግድግዳ፣ አንዱን በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። እርስዎ ስለ እኔ የተናገሩት ቅዳሜ ቀን፣ በገበያ መካከል፣ ሰው በሞላበት ሰዓት ስለ ነበረ፣ መልሱን በጓዳ ብሰጥ ክብርዎን ያሳነስኩ መስሎኝ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሚያነብለት ሰው ዋርካው ሥር አስቀምጫለሁ፤ ድምፁም እስከ እርስዎ ግቢ ይሰማል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ለማያውቀኝ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። አብተው ፈዬራ እባላለሁ። በለገሐሩ የዕቃ መጋዘን ጸሐፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጆንያ ስቆጥር እውልና ወደ ማታ ቤቴ ስገባ፣ ሌላው ጠላ ቤት እንደሚገባ፣ እኔ በጓሮዬ ካለችው ጎጆ ገብቼ እሳት አነድዳለሁ፣ ወናፍ አናፋለሁ፣ ብረት እቀጠቅጣለሁ። ሠርቼ አልሸጥም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ለየብቻ የነበሩ ሁለት ብረቶች እስኪነጡ ድረስ ግለው፣ ደቃቅ አሸዋ ተነስንሶባቸው፣ በመዶሻ ሲመቱ አንድ ይሆናሉ፤ ይህን ብየዳ ይሉታል። ይህን የእጅ ሥራ ያስተማረኝ ከቦኩ ተራራ ሥር የሚኖረው ባለ እጁ ወዬሳ ነው። ባለቤቴ ዘውድነሽ መጀመሪያ አኩርፋኝ ነበር፤ ድስቷ የማይዘምምበት ባለ ሦስት እግር የብረት ጉልቻ ከሠራሁላት በኋላ ግን ኩርፊያውን ትታ ከሰል ታቀብለኝ ጀመር። ከዚህ የተረፈ ምሥጢር በጎጆዬ ውስጥ የለም።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በሩ። ከአሮጌ የጋሪ ጎማ ቀለበትና ከወዳደቀ ብረት አበያይጄ ለግቢዬ በር በሠራሁ ሰሞን እርስዎ በበቅሎ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት። የጸሐፊ በር ከዳኛ በር ሊበልጥ እንደማይገባ በትሕትና አስረዱኝ። እኔም ትሕትናዎ ስላስፈራኝ ለእርስዎ የሚበልጥ በር በነፃ ልሠራልዎ ቃል ገባሁ። እርስዎም ከላዩ አንበሳ እንዲቀመጥበት ፈቀዱ። ሥራው ሲጀመር ግን በየቀኑ እየመጡ አንበሳውን አረሙት። የሚያገሣ አንበሳ ለቤተ መንግሥት እንጂ ለገበያ ዳኛ አይገባም፣ ነገር ያመጣብኛል ብለው አፉን አዘጉት። ባለጉዳይ እንዳይሸሽ ብለው ጥፍሩን አስሰበሰቡት። ጎፈሩ የሽፍታ ፀጉር መሰለኝ ብለው አስላጩት። አፉ የተዘጋ፣ ጥፍሩ የተሰበሰበ፣ ጎፈሩ የተላጨ አንበሳ ምን እንደሚባል ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። ያም ሆኖ እኔ አልተናገርኩም። የተናገረችው ቅቤ ሻጯ ፋዲላ ናት፤ ቅቤውን ለማን ትወስጃለሽ ሲሏት በየዋህነት «ድመቷ በራቸው ላይ ላለችባቸው ጌታ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢዎ በአዳማ፣ በሞጆና ባቡር በሚቆምበት ሁሉ ድመቷ ቤት ተብሎ ሲጠራ እርስዎ ጥርስዎን ነክሰው መቻልዎን አደንቃለሁ። ኋላ አሽከር አሰቅለው ራሷን ቢያስቆርጧትም ስሙ አልቀነሰም፤ ሰዉ አሁን ራስ የሌላት ድመት ቤት ይላል።

ሁለተኛ፣ ስለ በቅሎዎ ሞት። ነፍሷን ይማር እንዳልል በቅሎ ነች፤ ነገር ግን ከግቢዎ ሰዎች ሁሉ ስታየኝ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረችና ሐዘኔ እውነተኛ ነው። እርስዎ ግን የሞተችው አብተው በዓይኑ በልቷት ነው አሉ። እኔ በበኩሌ የሰማሁት ሌላ ነው። ባለጉዳዮች ፍርድ እንዲቃናላቸው ያመጡልዎ ገብስ ከጎተራ ተርፎ በአዳራሽዎ ተከምሮ ነበር፤ በቅሎዋም ገመዷን በጥሳ ገብታ እስኪነፋት ድረስ ስትበላ አደረች፣ ጧትም ሞታ ተገኘች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሆዷ ቢቀደድ የድኻ አቤቱታ ይገኝበት ነበር እንጂ የእኔ ዓይን አይገኝበትም ነበር። ለመሆኑ ያን ገብስ ያመጡት ሰዎች የከፈሉበትን ፍርድ አሁን ማንን ይጠይቁ? መቼም በቅሎዋ ይግባኝ አትቀበልም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቃሉ። እዚህ ላይ ቀልዱ ይበቃኛል። ባላምባራስ፣ በዚያ ቅዳሜ ዋርካው ሥር ከወንበርዎ ተነሥተው፣ በትርዎን ወደ እኔ ቀስረው እንዲህ አሉ፦ «ጸሐፊ ነው ስንል ቀጥቃጭ ሆኖ ተገኘ። ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው። ልጆቻችሁንና ከብቶቻችሁን ከዓይኑ ሰውሩ።» ቃሉ ከአፍዎ ሲወጣ ቀላል ነበረ። እኔ ቤት ሲደርስ ግን ከበድ አለ። በማግሥቱ በመንገድ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። ወተት ሻጮች ቅላቸውን በጀርባቸው ከለሉ። ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ እኔ ወንድ ነኝ፣ የማፈጥጥበት ዓይንም አለኝ።

ዘውድነሽ ግን የማርያም ማኅበርተኛ ናት። በማኅበሩ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ ጋ ሲደርስ ዘለላትና ለብቻዋ በጣሳ ቀዱላት። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። በሚቀጥለው ወር ተራዋ ሆኖ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ፣ ቤቷን ጎዝጉዛ ብትጠብቅ ከነፍስ አባታችን በቀር አንድም ሰው ደጃችንን አልረገጠም። እሳቸውም ዳቦውን ባርከው ሳይቀምሱ ሄዱ። ዘውድነሽ ከሙሉው ጋን አጠገብ ቆማ «ጠላውን የት ልድፋው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መልሱን የምፈልገው ከእርስዎ ነው፤ እስካገኘው ድረስም አልተኛልዎትም።

አራተኛ፣ ስለ ወናፌና ስለ ሐዲዴ። ቃሉ ባልበቃ ጊዜ አሽከሮችዎን ልከው እሳቴን በውኃ አጠፉ፤ ወናፌን፣ መዶሻዬን፣ ጉጠቴን፣ እንደ መስፍ የምቀጠቅጥበትን የአሮጌ ሐዲድ ቁራጭ ጭምር ለከተማው ደኅንነት ሲሉ ወረሱ። ስለ ከተማው ደኅንነት ማሰብዎን ሳላመሰግን አላልፍም። ሐዲዱንም በከንቱ አላስቀመጡትም። በግቢዎ ዛፍ ላይ አንጠልጥለው ችሎት ሲጀመር አሽከርዎ በብረት እየደበደበ እንደ ደወል ያሰማበታል። እንግዲህ በዚህ ከተማ በየማለዳው ብረት የሚቀጠቀጥበት ቤት አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የእርስዎ ነው። በግቢዎ ፊት የሚያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍኑ እንደ ሆነ ጠይቄ ነበር። አይሸፍኑም አሉኝ። ለካስ ቡዳ የሚያደርገው ብረቱ ሳይሆን ሹመት ማጣቱ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ፣ በንዴት ተቃጥዬ፣ ወደ ወዬሳ ዘንድ ወረድኩ። ምን እንዳሉኝ፣ ዘውድነሽን ምን እንዳደረጓት፣ እሳቴ እንዴት እንደ ጠፋ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። እሱ የማረሻ ጫፍ እየሳለ ሰማኝ። ከጨረስኩ በኋላ «አይዞህ ኦቦ አብተው» አለኝ፤ «አንተን ቡዳ ማለት ከጀመሩ ገና ሁለት ወራቸው ነው። እኔን ከእናቴ ሆድ ሳልወጣ ጀምረው ብለውኛል።» ቀጥሎም ማረሻውን ደጁ ቆሞ ለሚጠብቅ ገበሬ ሰጠ፤ ገበሬውም እጁን ሳይነካ በእንጨት ጫፍ ተቀበለው። በዚያ ማረሻ ያረሰውን እህል ግን ይበላዋል። ክቡር ባላምባራስም ይበሉታል፤ በቅሎዎም በልታው ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ ንዴቴ ከሄድኩበት ጊዜ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ የክስ ማመልከቻዬንም ቀድጄ የወዬሳን ስም ጨምሬ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

አዎን፣ ከስሼዎታለሁ። ይህን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ ነው የሚል አዋጅ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዋጁ ወደ አዳማ ሲመጣ ባቡሩ አምልጦት በእግሩ እየተጓዘ ይሆናል ብዬ፣ እኔው ሄጄ በአዲስ አበባ ካለው የበላይ ችሎት አስጽፌ ማኅተሙን አሳርፌ ይዤው መጥቻለሁ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ተረቱን ከላይ እስከ ታች ብመረምረው ባላምባራስ አይከሰስ የሚል አጣሁበት።

ዳኞቹ አቤቱታዬን ሰምተው ቀን ቆርጠዋል። እስከ ቀጠሮው ድረስ፣ እንደ አገራችን ሥርዓት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ እንዲጠሩ፣ ዋስ ያጣ ግን ከባላጋራው ጋር እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ታስሮ በቁራኛ እንዲቀርብ አዘዋል። ዋስ ማግኘት ለእርስዎ ምን ይገድዎታል ብዬ ነበር። እህል ነጋዴው መርጋ ዘንድ ሄደው ሞጆ ወርዷል እንደ ተባሉ ስሰማ አዘንኩ፤ ሞጆ የወረደ ሰው በመስኮት ሲያይዎ እንደ ነበረ ጎረቤቶቹ ነግረውኛል። ሌሎቹም የጠየቋቸው ጌቶች ያንኑ ሰሞን ሁሉም በአንድ ጊዜ መታመማቸው የሚገርም ነው። ሲሾም የሚከበብ ሰው ሲከሰስ ብቻውን ይቀራል፤ ይህን እርስዎን ያስተማረው ቀጥቃጭ እንዳይመስልዎ፣ የራስዎ ወዳጆች ናቸው።

አንድ መውጫ እንዳለዎት ግን ልጠቁምዎ፤ ጎረቤትዎ ነኝና። ከቡዳ ጋር አልታሰርም፣ ዓይኑ ይበላኛል ብለው ለችሎቱ ማመልከት ይችላሉ። እንደዚያ ያሉ እንደ ሆነ ምስክር ለማቅረብ ከመድከም ያድኑኛል፤ የከሰስኩበትን ቃል በራስዎ አንደበት፣ በዳኞች ፊት፣ ደግመው ይናገሩልኛልና። ዝም ካሉ ደግሞ ቅዳሜ ቀን፣ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ እርስዎና እኔ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተን ከዋርካው ሥር እስከ ለገሐር እንሄዳለን። በባቡር አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ ከአንድ ቅል ውኃ እንጠጣለን። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻልዎ ከራሴ ጋር ስመክር ሰነበትኩና ምርጫውን ለእርስዎ ብተወው ይሻላል አልኩ። እኔ በሁለቱም ደስ ይለኛል።

ይቅር በለኝ ብለው ሽማግሌ እንዳይልኩ አስቀድሜ እለምንዎታለሁ። ሽማግሌ የተላከበትን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እኔም በዚህ ጊዜ ነውረኛ መሆኔ አይቀርምና ሽማግሌዎቹን በከንቱ አያድክሙ። በዚያች ቀን ጠላው ሙሉ በሙሉ መሬት ፈስሷል። የፈሰሰውን የሚመልስ ሽማግሌ ካገኙ ግን ይላኩት፣ እቀበለዋለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ከሕመም ከሞት ይሰውርዎ፣ ቢያንስ ቢያንስ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ፤ ይህንንም ሌት ተቀን የምጸልይ፣ ክብርዎን በየግድግዳው የማውጅ፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ አብተው ፈዬራ፣
በመንግሥት ደንብ የመጋዘን ጸሐፊ፣ በእርስዎ ሹመት ቀጥቃጭ።

አዳማ፣ የካቲት ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በገበያው ችሎት ያለችው ሰንሰለት ዝጋ እንደ ተበጠሰች የችሎቱን ጸሐፊ ጠይቄ ተረድቻለሁ። ከሳሽ የራሱን ሰንሰለት ቢያመጣ የአዲስ አበባዎቹ ዳኞች አይከለክሉም ብሎኛል። ስለዚህ ወናፌንና ሐዲዴን ለአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ይመልሱልኝ፤ ዘውድነሽ ከሰሉን አዘጋጅታለች። የግራ እጅዎን አንጓም በክር ለክተው ይላኩልኝ። ጠብቦ እንዲያምዎ አልፈልግም፤ ሰፍቶም እንዲያመልጡኝ አልፈልግም።