ያልወጣው የመጨረሻ ክፍል

ሐምሌ 14 ቀን፣ ከሥራ መልስ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ አለን። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ አንገት ስሰፋ ውዬ ዓይኔም ወገቤም አልቆ ነው የምገባው። በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገቤ ስለምትሆን የማልነግርህ ነገር በዛና ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ያንተን ጣጣ ልጨርስ። ስትሄድ “አደራ፣ የደበዘዘውን ሁሉ በኤችዲ ቀይሪልኝ” ብለህ ዝርዝሩን የሰጠኸኝ አኒሜ፣ ያ የጃፓን ካርቱንህ፣ ተሟልቷል። ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል! አራት ዓመት ፍላሽ ይዤ ስመላለስ ፊልም ጫኙ ዘመድ ሆነ። ሁለት ጊዜ ብዥ ያለውን “ኤችዲ ነው” ብሎ ጭኖልኝ ተጣልተናል። አሁን የሰዎቹ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል፤ ደስ ይበልህ።

አደራህ ግን መሰብሰቡ ብቻ መቼ ሆነ። ከምስሉ ሥር የሚጻፈውን ትርጉም ለእማዬ የምታነብላት አንተ ነበርክ፤ ድምፅህን እየለዋወጥክ፣ ክፉውን ክፉ፣ ሽማግሌውን ሽማግሌ እያደረግክ። እኔ ሲደክመኝ እየዘለልኩ አነባለሁ። እሷ ደግሞ መች ትሸወዳለች! “ይህን ሁሉ ለፍልፎ ‘እሺ’ ብቻ ነው ያለው?” ትለኛለች። አንድ ቀን ተናድጄ “እንግዲያው ራስሽ አንብቢ!” አልኳት። ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከወር ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ቴሌቪዥኑን መኝታ ቤቷ አስገብቼዋለሁ። “ትንሽ ጉንፋን ነው” ስትልህ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ባለፈው ሐሙስ ሐኪሟን ገለል አድርጌ ስንት ጊዜ እንደቀራት ጠየቅኩት። “ልጆቿ ሁሉ እዚሁ ናቸው?” አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጨረሻውን ክፍል ከነፍላሹ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት። “ገና አልወጣም” አልኳት፤ የምትጠብቀው ነገር ይኑራት ብዬ ነው። ቅዳሜ ፊልም ጫኙ ሊጠይቃት መጣና፣ ገና ከመቀመጡ “እማማ፣ አጨራረሱን እንዴት አዩት?” አይላትም! ክው አልኩ። እሷ ግን ረጋ ብላ “ገና አልወጣም ብላኛለች እኮ” አለችው። ሰውዬው ሲሄድ እጄን ያዘችኝ።

“ወንድምሽ እስኪመጣ አልወጣም በይኝ” አለችኝ።

አሁን ከሥራ ስገባ በየቀኑ “ወጣ እንዴ?” ትለኛለች። “አልወጣም እማዬ” እላታለሁ። ከዚያ ከድሮዎቹ አንዱን እከፍትላታለሁ። ትናንት ግማሹ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ግን አላቆምኩም፣ እንደተኛች ማንበቤን ቀጠልኩ።

ደክሞኛል ወንድሜ። መስፋቱ አይደለም፣ ማንበቡም አይደለም፤ “አልወጣም” ማለቱን ብቻዬን አልቻልኩትም። አለቃህ ፈቃድ እንደማይሰጥህ አውቃለሁ። ለምነው። እምቢ ካለህም እንደምንም ብለህ ና።

እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን። ስትገባ መሳቢያው ውስጥ እንዳትፈልግ። ፍላሹን ዛሬ ጠዋት ተቀብላኝ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

የምትናፍቅህ ታላቅ እህትህ